ኮፈን ስር የተንጠለጠለ ሶኬት፦ የምን እንደሆነ ለማወቅ የቱ መንገድ ያዋጣል?

አሮጌ ፒካፕ ወይም አይሱዙ የሚነዳ ሰው ይሄ ሳይገጥመው አይቀርም። ዘይት ልይ ብሎ ኮፈን ይከፍታል። ከባትሪው ጎን ወይም ከሞተሩ ጀርባ አንድ ሶኬት ተንጠልጥሎ ያገኛል። ከምንም ጋር አልተገናኘም። መኪናው ግን ይነሳል፣ ይሄዳል፣ ጭነትም ይጎትታል።

ከዚያ ምክር ይበዛል። አንዱ «ተወው፣ ከፋብሪካ እንደዚያው የመጣ ነው» ይላል። ሌላው «ከባትሪ ሽቦ ስበህ አስነካውና ምን እንደሚነሳ እይ» ይላል። ሦስተኛው «ዝም ብለህ ኤሌትሪሽያን ጋ ውሰደው» ይላል። የመጀመሪያው አንዳንዴ ልክ ነው። ሁለተኛውን በጭራሽ አታድርጉት። ሦስተኛው ደግሞ ልክ የሚሆነው ከዚህ በታች የምነግራችሁን መንገዶች ከሞከራችሁ በኋላ ነው።

ጎንደር ላይ ይሄ ጥያቄ ክብደት አለው። አንዱ መኪና ዛሬ ወደ ደባርቅ ብርድ ይወጣል፣ ነገ ወደ መተማ ቆላ ይወርዳል። ለብርዱ ካንዴሌታው (ዲዝል ሞተር በብርድ እንዲነሳ የሚያሞቀው) መሥራት አለበት። ለቆላው የሙቀት ጌጁና የማቀዝቀዣው ፋን አስተማማኝ መሆን አለባቸው። ሊማሊሞን የሚወርድ አይሱዙ ደግሞ ኤግዞስት ፍሬኑ (ጭስ ማውጫውን ዘግቶ በሞተሩ መኪናውን የሚይዘው) የግድ ነው። ያ ተንጠልጥሎ የሚታየው ሶኬት የእነዚህ የአንዱ ሊሆን ይችላል። ወይም ጨርሶ የምንም ላይሆን ይችላል። በ2012 ዓ.ም የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ደግሞ ያገለገለ መኪና ማስገባትን በጣም አስወድዶታል፤ ስለዚህ ያለንን አሮጌ መኪና አውቀን መያዝ አለብን።

በምን እንመዝናቸው?

ሶኬቱ የምን እንደሆነ ለማወቅ የሚያስኬዱ መንገዶች ጥቂት ናቸው። እያንዳንዱን በአራት ነገር እመዝነዋለሁ። መጀመሪያ አደጋው፦ ስንሞክር ፊውዝ ወይም ኮምፒውተር ልናቃጥል እንችላለን ወይ? ሁለተኛ መልሱ ምን ያህል ያስተማምናል? ሦስተኛ ወጪው። አራተኛ ምን ያህል እውቀትና ጊዜ ይፈልጋል? ለእኔ አደጋው ከሁሉም ይቀድማል። በነፃ ሞክረን የመኪናውን ኮምፒውተር ካቃጠልን ነፃ አልነበረም ማለት ነው።

ከሁሉም በፊት፦ የጎደለ ነገር አለ ወይ?

ይሄ ከምርጫዎቹ አንዱ አይደለም፤ የትኛውንም መንገድ ብትመርጡ መጀመሪያ የሚሠራ ነው። ሶኬቱን ሳትነኩ መኪናው ላይ ያለውን የኤሌትሪክ ነገር ሁሉ አንድ በአንድ ሞክሩ። ረጅምና አጭር መብራት፣ ፍሬቻ፣ ክላክስ፣ የዝናብ መጥረጊያ፣ የመስታወት ውኃ መርጫ፣ የኋላ ማርሽ መብራት፣ ካለው ኤሲ። የማይሠራ ካገኛችሁ ግማሹን ሥራ ጨርሳችኋል።

ክሩስኮቱ ላይ ያሉት መብራቶችም ብዙ ይናገራሉ። ሞተሩን ሳታስነሱ ቁልፉን ብቻ ክፈቱ። የዘይት ቀይ መብራትና የባትሪ መብራት መብራት አለባቸው። ብዙ ሰው መብራቱ ከበራ ይደነግጣል፣ ካልበራ ደስ ይለዋል። እዚህ ጋ ነገሩ ተቃራኒ ነው። ሞተሩ ሳይነሳ የዘይት መብራቱ ካልበራ አምፖሉ ተቃጥሏል ወይም ከዘይት ግፊት መለኪያው ላይ ያለው ሽቦ ተነቅሏል። ያ መለኪያ በብዙ አሮጌ መኪና ላይ ባለ አንድ ሽቦ ነው፤ ሞተሩ ብሎክ ላይ፣ ብዙ ጊዜ ከዘይት ፊልትሮው አጠገብ ይገኛል። ሽቦው ተነቅሎ ስትሄዱ ዘይት ቢያልቅ እንኳ መብራቱ አይነግራችሁም።

የባትሪ መብራቱ ካልበራ ደግሞ ወደ ዲናሞው ተመልከቱ። በአብዛኛው የቶዮታ ዲናሞ ጀርባ ላይ ባለ ሦስት ሽቦ ትንሽ ሶኬት አለ። ከሦስቱ አንዱ ወደዚያ መብራት የሚሄደው ነው። ሶኬቱ ከተነቀለ መብራቱም አይበራም፣ ዲናሞውም ላይሞላ ይችላል። መኪናው ግን ባትሪው እስኪያልቅ ድረስ ይሄዳል። በተለይ ዲዝል።

የሙቀት ጌጁ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ከታች አልንቀሳቀስ ካለ፣ ከቴርሞስታቱ አካባቢ ያለውን መለኪያ ፈልጉ።

ሞተሩ የሚነሳ መሆኑ ራሱ አንዳንድ ነገሮችን ከዝርዝሩ ያወጣል። በትንንሽ ዲዝል ሞተሮች ፖምፓው ላይ ነዳጅ የሚዘጋ ባለ አንድ ሽቦ ሶሌኖይድ አለ፤ እሱ ቢነቀል ሞተሪኖው ይዞራል እንጂ ሞተሩ አይነሳም። ስለዚህ መኪናው በደንብ ከተነሳ ያ ሶኬት የእሱ አይደለም። ካንዴሌታው ደግሞ በሌላ ምክንያት ከዝርዝሩ ሊወጣ ይችላል። የካንዴሌታው ዋና ሽቦ ወፍራም ሆኖ አብዛኛውን ጊዜ በዳዶ ነው የሚታሰረው፣ በፕላስቲክ ሶኬት አይደለም። የፕላስቲክ ሶኬት ከሆነ ግን የካንዴሌታው ሪሌ ወይም የማሞቂያውን ጊዜ የሚወስነው የሙቀት መለኪያ ሊሆን ይችላል። ጠዋት በብርድ ለመነሳት የሚያስቸግር ከሆነ ይሄን ልብ በሉ።

ሁሉም ነገር የሚሠራ ከሆነ፣ መብራቶቹም በሥርዓቱ በርተው ከጠፉ፣ ሶኬቱ ለእናንተ መኪና ያልተገጠመ ዕቃ መሆኑ ሚዛን ይደፋል። ፋብሪካዎች አንድ ዓይነት የሽቦ ጥቅል ለብዙ ዓይነት ሞዴል ይሠራሉ። ኤሲ ለሌለውም የኤሲ ሶኬት፣ የጉም መብራት ለሌለውም የጉም መብራት ሶኬት አብሮ ይመጣል። ይሄ ብልሽት አይደለም።

አንደኛው መንገድ፦ ዓይንና እጅ

ገንዘብ አይፈልግም። ቁልፉ ተዘግቶ፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ የሚሠራ ስለሆነ አደጋም የለውም። ባትሪ መብራት፣ ደረቅ ጨርቅና የስልክ ካሜራ ይበቃል። እኔ ከሁሉም አስቀድሜ የምመክረው ይሄን ነው።

መጀመሪያ የሶኬቱን አፍ ጠጋ ብላችሁ እዩ። ውስጡ ያሉት የመዳብ ጥርሶች የሚያብረቀርቁና ንፁህ ከሆኑ በቅርቡ ተሰክቶ ነበር ማለት ነው። አረንጓዴ ዝገት ወይም አቧራና ዘይት ተጋግሮበት ከሆነ ለዓመታት ክፍት ነበር። አንዳንዴ ከውጭ ጭቃ ለብሶ አፉ ውስጥ ግን ንፁህ ይሆናል። ያ ሶኬት ትናንት ወይም ከትናንት ወዲያ ላቫጆ ላይ በውኃ ግፊት፣ ወይም መካኒክ ሌላ ነገር ሲፈታ የተነቀለ ነው። በቅርቡ ምን እንዳሠራችሁ አስታውሱ። የናፍጣ ፊልትሮ አስቀይራችሁ ከሆነ ፊልትሮው ስር ተመልከቱ። በብዙ የጃፓን ዲዝሎች ከፊልትሮው ሥር ናፍጣ ውስጥ ውኃ ሲጠራቀም የሚያስጠነቅቅ መለኪያ አለ፣ ፊልትሮ ሲቀየር ከአሮጌው ተፈትቶ አዲሱ ላይ መታሰር ያለበት። አዲሱ ፊልትሮ ማሰሪያው ከሌለው ሶኬቱ ተንጠልጥሎ ይቀራል። መኪናው ላይ ምንም ለውጥ አታዩም፤ ውኃ ፖምፓው ውስጥ ሲገባ ግን የሚያስጠነቅቃችሁ የለም። ለዲዝል ፖምፓ ደግሞ ውኃ ጠላት ነው።

ቀጥሎ የሽቦው ርዝመት። ፋብሪካ ሽቦ አያባክንም። ሶኬቱ እስከ ባለቤቱ ደርሶ ትንሽ ላላ የሚል ርዝመት ነው ያለው። ስለዚህ ሽቦውን ሳትስቡ ቀስ አድርጋችሁ ወዲያና ወዲህ ዘርጉት፤ ጫፉ የሚደርስበት ክልል ውስጥ ባዶ ጥርስ ያለው ዕቃ ፈልጉ። ከላይ ብቻ ሳይሆን ከታችም። መስታወት ወይም የስልክ ካሜራ ከሞተሩ ጀርባ ለማየት ይጠቅማል። ሶኬቱ ከዋናው የሽቦ ጥቅል ጋር በፋብሪካ ናስትሮ ተጠቅልሎ ወደ ኋላ የታጠፈ ከሆነ ግን መፈለግ አያስፈልግም። ይሄ ከመጀመሪያው ጀምሮ ያልተሰካ ነው።

የሽቦ ውፍረትና ብዛትም ፍንጭ ነው። ቀጭን ሽቦ የመለኪያ ወይም የምልክት ነው። ወፍራም ሽቦ ብዙ ጉልበት የሚፈልግ ዕቃ ነው፦ ፋን፣ መብራት፣ ሞተር። ባለ አንድ ሽቦ ከሆነ የዘይት ግፊት፣ የሙቀት ጌጅ፣ የኤሲ ኮምፕሬሰር ወይም የሞተሪኖ ምልክት ይጠረጠራል። ባለ ሁለት ከሆነ ክላክስ፣ የኋላ ማርሽ መብራት ስዊች፣ የፍሬን ዘይት መጠን መለኪያ፣ የውኃ መርጫ ፓምፕ ሊሆን ይችላል። የኋላ ማርሹ ካምቢዮው ላይ ስለሆነ ሶኬቱ ወደ ኋላና ወደ ታች ነው የሚገኘው። ባለ ሦስት ሰፊ ጥርስ ከፊት መብራት ጀርባ ካያችሁ የፊት መብራት አምፖል ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ኤሌትሪክ የሚያመጣው ጎን አብዛኛውን ጊዜ ሴቴ ሶኬት ነው፣ ጥርሱ ክፍት ሆኖ ብረት ነክቶ ኮንታክት እንዳይፈጥር። ወንዴው ጥርስ ዕቃው ላይ ነው ያለው። የተንጠለጠለው ወንዴ ከሆነ ባለቤቱ ዕቃ ሳይሆን ሌላ የሽቦ ጥቅል ሊሆን ይችላል።

የዚህ መንገድ ድክመቱ ምንድን ነው? የሚመሳሰሉ ሶኬቶች አሉ። ገባ ማለት የእሱ ነው ማለት አይደለም። ልክ የሚሆን ሶኬት በግድ ሳይገፋ «ጠቅ» ብሎ ይገባል፤ ካልገባ አታስገድዱት፣ ከገባም የሽቦዎቹን ቀለም ከሌላኛው ወገን ጋር አስተያዩ።

ሁለተኛው መንገድ፦ መንትያ መኪና

ይሄን መንገድ ብዙ ሰው ይረሳዋል። ጎንደር ውስጥ ግን እንደሱ የሚያዋጣ የለም። ከፒያሳ እስከ አዘዞ ባለው መንገድ ላይ ብቻ ስንት ሃይሉክስ፣ ስንት አይሱዙ እንደሚመላለስ አስቡት። የእናንተን ዓይነት መኪና የቆመበት ጠጋ ብሎ «ወንድሜ፣ ኮፈኑን አንዴ ትከፍትልኛለህ? የእኔ ላይ አንድ ሶኬት ተነቅሎብኝ ነው» ማለት ነው። እምቢ የሚል ሾፌር አላጋጠመኝም። እንዲያውም ራሱ ገብቶ አብሮ መፈለግ ይጀምራል።

ሁለቱ መኪኖች ግን እውነት መንትያ መሆን አለባቸው። «ሃይሉክስ» ብቻ ማለት በቂ አይደለም። የሞተሩ ዓይነት አንድ መሆን አለበት፦ 2ኤል እና 3ኤል የሚባሉት የዲዝል ሞተሮች በውጭ ቢመሳሰሉም የቤንዚኑ ግን ሌላ ዓለም ነው። የሞተሩን ስያሜ ኮፈን ስር ካለው የብረት ሳህን ላይ አንብቡ። የምርት ዘመናቸውም ቢቀራረብ ይሻላል። ከየት እንደገባም ይወስናል፤ ከአረብ አገር የመጣውና ከአውሮፓ የመጣው አንድ ዓይነት ዕቃ አልተገጠመላቸውም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የእናንተን ሶኬት ከሦስት አቅጣጫ ፎቶ አንሱ፦ ከሩቅ አካባቢው እንዲታይ፣ ከቅርብ አፉ እንዲታይ፣ ከጀርባ የሽቦው ቀለም እንዲታይ። መንትያው መኪና ላይ በዚያው ማዕዘን ቁሙና እዚያው ቦታ ላይ ያለውን እዩ። ሶኬቱ እዚያም ተንጠልጥሎ ከሆነ ከፋብሪካ ነው የሚለው በጣም ይጠነክራል። ተሰክቶ ከሆነ ሽቦውን ተከትላችሁ ባለቤቱን ታገኛላችሁ። የሰው መኪና ላይ ምንም አትንቀሉ፤ በዓይን ብቻ ነው።

መጠንቀቅ ያለባችሁ መንትያውም በእጅ የተነካካ ሊሆን ስለሚችል ነው። አሮጌ መኪና ሁሉ የሆነ ኤሌትሪሽያን የቀጠለው ሽቦ አያጣም። በአንድ አትወስኑ፤ ሁለት መኪና ማየት ይሻላል።

ሦስተኛው መንገድ፦ የሽቦ ንድፍ

የመኪናው የጥገና መጽሐፍ ውስጥ ያለው የሽቦ ንድፍ ከተገኘ መልሱ እንደሱ የሚያስተማምን የለም። የእያንዳንዱን ሶኬት ቅርፅ፣ የጥርሱን ብዛትና የሽቦውን ቀለም ያሳያል። ችግሩ ትክክለኛውን ማግኘት ነው። ስልክ ላይ የሚወርደው አብዛኛው ለአሜሪካ ወይም ለአውስትራሊያ ገበያ የተሠራ ነው። የሻንሲ ቁጥሩና የሞተሩ ስያሜ ካልገጠመ አሳስቶ ወደ ሌላ ነገር ይወስዳችኋል።

ንድፉ ባይገኝም የቀለም ሕጉን ማወቅ ይጠቅማል። በቶዮታ ነጭ ላይ ጥቁር መስመር ያለው ሽቦ ማሳ (ከቦዲው ጋር የሚገናኘው የኔጌቲቭ ሽቦ) ነው። የሞተሩ መለኪያዎች ማሳ ደግሞ ብዙ ጊዜ ቡናማ ነው። በአይሱዙ፣ በኒሳንና በሚትሱቢሺ ጥቁር ሽቦ በአብዛኛው ማሳ ነው። ዋናውን ቀለም ብቻ ሳይሆን ቀጭኑን መስመርም አንብቡ፤ ዘይት ከሸፈነው መጀመሪያ በጨርቅ ጥረጉት።

አራተኛው መንገድ፦ ቴስት ላምፕ ወይስ መልቲሜትር?

እዚህ ጋ ነው ሰው የሚሳሳተው፤ ሁለቱ አንድ ዓይነት ዕቃ ይመስላሉ፣ አይደሉም።

ቴስት ላምፕ ውስጡ ተራ አምፖል ነው። ሲነካ ኤሌትሪክ ይጠጣል። ለመብራት፣ ለክላክስ፣ ለፋን ሽቦ በጣም ጥሩ ነው፤ ምክንያቱም ሽቦው ጉልበት መሸከም መቻሉን ያሳያል። በዝገት የተበላ ሽቦ መልቲሜትር ላይ 12 ቮልት እያሳየ አምፖል ግን ላያበራ ይችላል። የኮምፒውተር መለኪያ ሽቦ ላይ ግን ቴስት ላምፕ አታስነኩ። ለዚያ የተሠራ አይደለም፣ ኮምፒውተሩን ሊጎዳው ይችላል።

መልቲሜትር ደግሞ ቮልት በቁጥር የሚያሳይ መለኪያ ነው፤ ከሽቦው የሚወስደው ኤሌትሪክ ከምንም አይቆጠርም። ስለዚህ ለማይታወቅ ሶኬት ከሁለቱ የምመርጠው እሱን ነው። ከመለካታችሁ በፊት የመኪናችሁን ቮልቴጅ እወቁ። ሃይሉክስ 12 ቮልት ነው። አብዛኞቹ ኤንፒአር አይሱዙዎች ግን ሁለት ባትሪ በተከታታይ ይዘው 24 ቮልት ናቸው፤ መልቲሜትሩን 20 ቮልት ላይ ሳይሆን 200 ላይ አድርጉት። ቀዩ ሽቦ ደግሞ የአምፔር ቀዳዳ ውስጥ ተሰክቶ እንዳይሆን ደጋግማችሁ እዩ፤ በዚያ ከለካችሁ ቀጥታ ኮንታክት ነው።

ጥቁሩን ጫፍ ባትሪው ኔጌቲቭ ላይ ያዙት። ቀዩን ሶኬቱ ላይ፣ ጥርስ ጥርሱን አንድ በአንድ። ወፍራም ጫፍ ወደ ሴቴው ሶኬት አፍ አትግፉ፤ ጥርሱ ይከፈትና ከዚያ በኋላ ቢሰካም በደንብ አይነካም። ቀጭን መርፌ ከጀርባ በኩል ማስገባት ይሻላል። ንባቡ እንዲህ ነው። ቁልፍ ተዘግቶም ሙሉ ቮልት ካለ ቀጥታ ከባትሪ የሚመጣ ነው። ቁልፍ ሲከፈት ብቻ ከመጣ በቁልፍ የሚሠራ ዕቃ ነው። ወደ 5 ቮልት ካሳየ የኮምፒውተር መለኪያ ነው፤ እዚህ ላይ እጃችሁን ሰብስቡ። ምንም ከሌለ ቁልፉን ዝጉና ወደ ኦም ቀይራችሁ ከቦዲው ጋር ለኩ፤ ወደ ዜሮ ከቀረበ ማሳ ነው።

ከሁሉም የሚጠቅመው ግን ሁለት ሰው ሆኖ መሥራት ነው። አንዱ ሹፌር ወንበር ላይ ይቀመጣል፣ አንዱ መልቲሜትሩን ይዞ ኮፈን ስር ይቆማል። ውስጥ ያለው ሁሉንም ስዊች በተራ ያበራል፦ መብራት፣ ፍሬቻ፣ ክላክስ፣ መጥረጊያ፣ ውኃ መርጫ፣ ኋላ ማርሽ፣ ኤሲ። አይሱዙ ከሆነ ኤግዞስት ፍሬን፣ እሱን ሞተሩ ተነስቶ መሞከር ይሻላል። «አሁን!» ባለ ቁጥር ውጭ ያለው ቁጥሩን ያነባል። ከዜሮ ወደ 12፣ ባለ 24 ቮልት ከሆነ ወደ 24 የዘለለበት ስዊች ባለቤቱ እሱ ነው። ሞተሩ ሲነሳ እጅና ልብስ ከፋን ቤልት ይራቅ።

ኤግዞስት ፍሬኑ ላይ ትንሽ ልቆይ። ስዊቹ ሲበራ ኤሌትሪክ ወደ አንድ ቫልቭ ይሄዳል፤ ቫልቩ ደግሞ የጭስ ማውጫውን በር ያስዘጋል፤ ሞተሩ ራሱ መኪናውን ይይዛል። የቫልቩ ሶኬት ከተነቀለ ስዊቹ ይበራል፣ ሥራው ግን የለም። ሜዳ ላይ አይታወቅም። ሊማሊሞ ላይ ጭነት ይዞ ሲወረድ ሁሉም ጫና እግር ፍሬኑ ላይ ይወድቃል፣ ፍሬን ይግላል። ስለዚህ ጭነት የሚያወርድ አይሱዙ ላይ የተነቀለ ሶኬት ሲታይ ይሄ ሳይጣራ አይኬድ።

ስካነርስ?

ስካነር የመኪናውን ኮምፒውተር የስህተት ኮድ የሚያነብ ዕቃ ነው፤ ለአሮጌ መኪና ብዙም አያዋጣም። ዛሬ የምናውቀው ባለ 16 ፒን የስካነር ሶኬት አሜሪካ ውስጥ ግዴታ የሆነው እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ነው። ፖምፓው በሜካኒክ የሚሠራ አሮጌ ዲዝል ደግሞ የሞተር ኮምፒውተር ስለሌለው የሚነበብ ነገር የለውም። ቼክ ኢንጅን መብራት ያለው መኪና ካላችሁና መብራቱ ከበራ ይጠቅማል።

አምስተኛው መንገድ፦ ኤሌትሪሽያን

ጥሩ ኤሌትሪሽያን ሁሉንም ከላይ ያልኩትን በአጭር ጊዜ ይሠራል። ዋጋው ግን ከሁሉም ይበልጣል፤ መልሱም እንደ ሰውየው ነው። እንዴት ትለዩታላችሁ? ጥሩው መጀመሪያ ይጠይቃል፦ ምን አይሠራም? በቅርቡ ምን ተሠራ? ከዚያ መልቲሜትር ያወጣል። ከባትሪ ሽቦ ስቦ በመጫር የሚጀምረውን «ጋሼ፣ ተዉት» ብላችሁ ኮፈኑን ዝጉ። መፈለጊያውንና መጠገኛውን ለየብቻ ተዋዋሉ። ያነሳችሁትን ፎቶና ሞክራችሁ ያወቃችሁትን ስጡት፤ ጊዜው ይቀንሳል፣ ዋጋውም አብሮ።

የማይነኩ ሶኬቶች

ቢጫ ሶኬት ወይም ቢጫ ልባስ ያለው ሽቦ የኤርባግ ሊሆን ይችላል። አይለካም፣ አይነካም።

በቤንዚን ኢንጀክሽን ቶዮታዎች ላይ ክዳኑ ላይ «ዲያግኖሲስ» የሚል የተጻፈበት ሳጥን የመሰለ ሶኬት አለ። እሱ ባዶ መሆን ያለበት ነው፤ ጋራዥ የስህተት ኮድ የሚያነብበት ነው። ውስጡ ሁለት ቀዳዳ በስህተት ማገናኘት ጉዳት ያመጣል፤ ክዳኑን መልሳችሁ ዝጉት።

የድሮ የአሜሪካ ቤንዚን ፒካፕ ያላችሁ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። በ1980ዎቹና በ90ዎቹ መጀመሪያ በአውሮፓ አቆጣጠር የተሠሩ ብዙ ሼቭሮሌትና ፎርዶች ላይ የእሳት ሰዓት (ካንዴላው እሳት የሚሰጥበት ጊዜ) ሲስተካከል ብቻ የሚነቀል ትንሽ ሶኬት አለ። ሥራው ሲያልቅ መልሶ ካልተሰካ ሞተሩ ጉልበት ያጣል። ዳገት ላይ ደከመ ከተባለና ሶኬቱ ከእሳት ማከፋፈያው አካባቢ ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይሄ ነው።

ጎን ለጎን ሲታዩ

| መንገድ | አደጋው | መልሱ ያስተማምናል? | ወጪው | የሚፈልገው |
|---|---|---|---|---|
| ዓይንና እጅ | የለም ማለት ይቻላል | መካከለኛ | ነፃ | ትዕግሥት፣ ባትሪ መብራት |
| መንትያ መኪና | የለም | ሁለት መኪና ከታየ ጥሩ | ነፃ | አንድ ዓይነት ሞተር |
| የሽቦ ንድፍ | የለም | ትክክለኛው ከተገኘ በጣም ጥሩ | ከነፃ እስከ ዝቅተኛ | የሻንሲ ቁጥር፣ ማንበብ መቻል |
| ቴስት ላምፕ | ኮምፒውተር ላለው መኪና አደገኛ | ለመብራትና ለፋን ጥሩ | ዝቅተኛ | ጥንቃቄ |
| መልቲሜትር | በአግባቡ ከተያዘ ትንሽ | ጥሩ | ዝቅተኛ | መሠረታዊ እውቀት፣ ሁለት ሰው |
| ስካነር | የለም | ለአሮጌ መኪና ደካማ | መካከለኛ | ኮምፒውተር ያለው ሞተር |
| ኤሌትሪሽያን | እንደ ሰውየው | እንደ ሰውየው | ከፍተኛ | ጥሩ ሰው ማግኘት |
| ከባትሪ ማስነካት | በጣም ከፍተኛ | የለም | የሚቃጠለው ዕቃ ዋጋ | አይሞከር |

ለማን የቱ?

ከተማ ውስጥ ብቻ የምትነዱና ሁሉም ነገር የሚሠራላችሁ ከሆነ ዓይንና መንትያ መኪና ይበቃችኋል። ገንዘብ አታውጡ።

እጃችሁ ላይ ትንሽ ገንዘብ ካለና መኪናውን ራሳችሁ የምትከታተሉ ከሆነ ርካሽ መልቲሜትር ግዙ። ለዚህ ሶኬት ብቻ አይደለም፣ ባትሪና ዲናሞ ለማየትም ዓመቱን ሙሉ ይጠቅማል። ቴስት ላምፕ ሁለተኛ ነው፤ አሮጌ ዲዝል ለሚነዳ ግን ሁለቱም ቢኖሩ ጥሩ ነው።

ሾፌር ቀጥራችሁ መኪና የምታሠሩ ከሆነ ግምት አይበቃም። መኪናው ነገ ወደ መተማ ወይም ሊማሊሞን አልፎ የሚሄድ ከሆነ፣ የጎደለው የሙቀት ጌጅ፣ የዘይት መብራት፣ ዲናሞ ወይም ኤግዞስት ፍሬን እንደሆነ ከጠረጠራችሁ፣ ወይም መልቲሜትሩ 5 ቮልት ካሳየ፣ ዛሬውኑ ኤሌትሪሽያን ጋ ይሂድ። የአንድ ቀን ገቢ ቢቀር ይሻላል።

ባለቤቱ ሲገኝ ከመሰካታችሁ በፊት ጥርሱን በኮንታክት ማጽጃ እርጩና አድርቁት። ቁልፉ ተዘግቶ ስኩት፣ «ጠቅ» ሲል ስሙ፣ ከዚያ ዕቃው መሥራቱን ሞክሩ። የፋብሪካ ትርፍ መሆኑ ከተረጋገጠ አፉን በናስትሮ ሸፍኑና ከጭስ ማውጫውና ከፋኑ አርቃችሁ ከሽቦ ጥቅሉ ጋር እሰሩት። ናስትሮው ላይ በማርከር «ኤሲ፣ ያልተገጠመ» ወይም የሆነውን ጻፉበት፤ ቀጥሎ ኮፈኑን የሚከፍተው መካኒክ እንደገና ከመፈለግ ይድናል።